ማይል የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ ከመያዛችን በፊት



በዚህ ወር ዓምዳችን የሚያነሣው ጉዳይ በተለይ በአሜሪካ ለሚኖሩ ቤተሰቦቻችን የቀረበ ነው። የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲደርስ ልጆቹን ከአያቶቻቸው ጋር ለማገናኘት ወደ ሀገር ቤት የሚጓዝ፣ አሊያም እናትና አባቱን ይዞ ዑምራ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። የአምስት ሰው ትኬት ደግሞ የወራት ቁጠባ ይጠይቃል። ሰዉ በዚህ ሐሳብ ተወጥሮ ሳለ ከባንክ አንድ ያሸበረቀ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ካርዱን ቢወስድና በሦስት ወር ውስጥ ይህን ያህል ሺህ ዶላር ቢገበይበት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የአውሮፕላን ማይል እንደሚሰጠው ይነግረዋል። እንግዲህ ጥያቄው ይጀምራል፤ የትኛው ካርድ ይሻላል? የትኛውስ ብዙ ማይል ይሰጣል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል ብለን እናምናለን። ሙስሊም ቤተሰብ አስቀድሞ የሚመለከተው የሚፈርመውን ውል ነው። ቀጥሎ የራሱን የቤት አያያዝ፣ ከዚያም የሚሄድበትን ሀገርና አየር መንገዱን ይመለከታል። የማይሉ ብዛት የሚመጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ባንኩ ደብዳቤውን ሲጽፍ ግን በትልልቅ ፊደል የሚያስቀድመው ማይሉን ነው፤ ወለዱ የሚገኘው ከጀርባ፣ በደቃቅ ፊደል በተጻፈው ሠንጠረዥ ውስጥ ነው።

ለመሆኑ ይህ ማይል የሚባለው ነገር ከየት ይመጣል? አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 አድቫንቴጅ የተባለውን ፕሮግራም ሲጀምር ዓላማው ደንበኛው ወደ ሌላ አየር መንገድ እንዳይሄድበት ለበረረው ርቀት ነፃ ጉዞ መሸለም ነበር። ዩናይትድና ሌሎቹም ወዲያው ተከተሉት። ቆየት ብሎ ባንኮች ገቡበት። ዛሬ ባንኩ ማይሉን ከአየር መንገዱ በጅምላ በገንዘብ ይገዛና ለካርድ ያዢው ያድለዋል። ንግዱ ምን ያህል እንደገዘፈ ለመረዳት የኮቪድ ወረርሽኝን ዓመት ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 አውሮፕላኖች መሬት ላይ ቆመው ሳለ ዩናይትድ የማይል ፕሮግራሙን በመያዣነት አቅርቦ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ሲበደር፣ ዴልታም በዚያው ዓመት በዚሁ መንገድ 9 ቢሊዮን ዶላር ተበድሯል።

ባንኩ ማይሉን የሚገዛበትን ገንዘብ በዋናነት ከሁለት ቦታ ያገኛል። አንደኛው ነጋዴው ነው። በካርድ በከፈልን ቁጥር ነጋዴው ከሽያጩ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆነውን ለካርድ አገልግሎቱ ይለቃል። ሁለተኛው ወርሃዊ ሒሳባቸውን አጠናቀው የማይከፍሉ ሰዎች የሚከፍሉት ወለድ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ማለትም ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ባወጣው መረጃ መሠረት በ2023 እና በ2024 የክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነበር። በ2023 በዚሁ ተቋም የጥናት ጽሑፎች ተከታታይ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት፣ በካርድ ሽልማት አማካይነት በየዓመቱ ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ከደኻው ወደ ሀብታሙ፣ ብዙ ካልተማረው ወደ ተማረው እንደሚተላለፍ ገምቷል። በሌላ አነጋገር ነፃ የተባለው ትኬት ከፋይ አለው። ያ ከፋይ አንዳንዴ ጎረቤታችን ነው፤ አንዳንዴም እኛው ራሳችን ነን።

አሁን ወደ ውሉ እንምጣ። በተለመደው የክሬዲት ካርድ ውል ውስጥ፣ ሒሳቡ በተባለው ቀን ተጠናቆ ካልተከፈለ በቀሪው ላይ ወለድ እንደሚታሰብ ተጽፏል፤ ያዢውም በዚህ ይስማማል። የወለድን ክልከላ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። በሱረቱል በቀራ መጨረሻ አካባቢ ያሉት አንቀጾች ወለድን ባልተወ ሰው ላይ የመጣውን ብርቱ ዛቻ ይዘዋል። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) የረገሙት ወለድ በላተኛውን ብቻ ሳይሆን ከፋዩን፣ ጸሐፊውንና ምስክሮቹንም ጭምር ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ዓለም አቀፉ እስላማዊ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 ሪያድ ላይ ባደረገው 12ኛ ጉባኤው ጉዳዩን መርምሯል። ከያዢው ሒሳብ ላይ ተቀማጭ ገንዘብ የሌለው ካርድ በወለድ ጭማሪ ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ያዢው በእፎይታው ጊዜ ውስጥ ለመክፈል ቢወስንም እንኳ እንዲህ ያለውን ካርድ ማውጣትም ሆነ መገልገል አይፈቀድም ሲል ወስኗል። የወለድ ግዴታ ከሌለበት ግን ካርዱ የተፈቀደ ነው፤ ባንኩ ለሚሰጠው አገልግሎት ካርዱን ሲያወጣና ሲያድስ የተወሰነ ክፍያ መውሰዱም ችግር የለበትም። መቀመጫውን ባሕሬን ያደረገው፣ ለእስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት መመዘኛ የሚያወጣው አዮፊም በሁለተኛው የሸሪዓ መመዘኛው ላይ ተመሳሳይ አቋም ይዟል።

በሌላ በኩል በምዕራቡ ዓለም ከሚኖሩት ዑለማዎች መካከል፣ ወለዱ በተግባር እንዳይመጣበት አጥብቆ ለሚጠነቀቅና ለሚቸገር ሰው የፈቀዱ አሉ። እነዚህ ዑለማዎች ከሚያነሷቸው ማስረጃዎች አንዱ የበሪራ ታሪክ ነው። የበሪራ ጌቶች ሲሸጧት ሸሪዓ የማይቀበለውን ቅድመ ሁኔታ ቢያስገቡም፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንድትገዛትና ነፃ እንድታወጣት ፈቅደው ቅድመ ሁኔታውን ውድቅ አድርገውታል። የኪራይ ቤት ለማግኘት የብድር ታሪክ የሚጠየቅበት፣ መኪና ለመከራየትና ሆቴል ለመያዝ ክሬዲት ካርድ የሚፈለግበት ሀገር መሆኑንም ያነሣሉ።

ይህ ዓምድ ሙፍቲ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል፤ የፈቀዱት ዑለማዎች የቆሙት በችግር ላይ ነው። ካርድ ከሌለው ቤት ሊከራይ ያልቻለ ሰውና ካርድ ሳይቸግረው ለማይሉ ሲል አራተኛ ካርድ የሚያወጣ ሰው በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ማይል ምቾት እንጂ ችግር አይደለም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ውሉን ይዛችሁ የምታምኑትን የአካባቢያችሁን ኢማም ወይም ኡስታዝ ጠይቁ፤ ስትጠይቁም ካርዱን የምትፈልጉበትን ምክንያት ሳትሸፍኑ ተናገሩ። ለመኪና ኪራይ ብላችሁ ያገኛችሁትን መልስ ለማይል መጠቀም ራስን ማታለል ነው።

በነገራችን ላይ ለኒካሕ ለምትዘጋጁ ወጣቶች አንድ ነገር ጣል እናድርግ። የመህር ወርቅ ውድ ስለሆነ አንዴ በካርድ ከፍሎ የቦነሱን ማይል ለማግኘት የሚያስቡ አሉ። ያው የሪያዱ ጉባኤ ወርቅ፣ ብርና የውጭ ምንዛሪ ተቀማጭ በሌለው ካርድ እንዳይገዛ ከልክሏል፤ ምክንያቱም እነዚህ እጅ በእጅ መለዋወጥ ያለባቸው ናቸው። በገዛ ሒሳብ ላይ ባለ ገንዘብ በሚከፍል ዴቢት ካርድ መግዛትን ግን አካዳሚው በ2004 በሙስካት ጉባኤው ፈቅዷል።

ታዲያ ለምን በዴቢት ካርድ ማይል አንሰበስብም? በአሜሪካ ቀድሞ ይህ የሚቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የፋይናንስ ሕግ ውስጥ የተካተተው የደርቢን ማሻሻያ የሚባለው ድንጋጌ ግን ከጥቅምት 2011 ጀምሮ ትልልቅ ባንኮች በዴቢት ካርድ ከነጋዴ የሚወስዱትን ክፍያ በእጅጉ ቀነሰው። ባንኮቹም ማይል የሚሰጡትን ዴቢት ካርዶች አብዛኞቹን አቋረጡ። የቀሩት ጥቂቶች የሚሰጡት ማይልም አነስተኛ ነው። ቢሆንም ከጥርጣሬ ርቆ ለመኖር ለሚፈልግ ቤተሰብ ንጹሑ መንገድ ይኸው ነው። ደግሞም በአየር መንገዱ ፕሮግራም በነፃ ተመዝግቦ፣ ራሱ በከፈለበት በረራ ማይል መሰብሰብን የሚከለክለው የለም። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለሚመላለስ ሰው ሸባማይልስ ያለ ምንም ካርድ ይሠራል። ብዙ ሰዎች በየዓመቱ እየበረሩ ይህንን እንኳ ሳይመዘገቡ ይቀራሉ።

ቻርጅ ካርድ የሚባለውም አለ። አሜሪካን ኤክስፕረስ ከ1958 ጀምሮ ያወጣቸው ነባር ካርዶች ሙሉ ሒሳቡ በየወሩ እንዲከፈል የሚያስገድዱ በመሆናቸው ለሸሪዓው መመዘኛ የቀረቡ ተደርገው ይታዩ ነበር። ዛሬ ግን ከነዚህ ብዙዎቹ ቀስ በቀስ በወለድ የመክፈል አማራጭ ተጨምሮባቸዋል፤ የዘገየ ክፍያ ቅጣትም አለ። ስለዚህ ስማቸውን ብቻ አይቶ ማመን አይበቃም። በባሕረ ሰላጤው ሀገራት ለሚኖሩት ወገኖቻችን ሁኔታው ቀለል ይላል። በዚያ እስላማዊ ባንኮች የራሳቸው ካርድ አላቸው፤ ለምሳሌ ኤምሬትስ ኢስላሚክ ባንክ የኤምሬትስ አየር መንገድ ስካይዋርድስ ማይል የሚያስገኝ ካርድ ያወጣል። እንዲህ ባሉ ባንኮችም ቢሆን የሸሪዓ ቦርዱን ውሳኔ መጠየቅ፣ የዘገየ ክፍያ ቅጣቱ ለበጎ አድራጎት መዋሉን ማረጋገጥ የደንበኛው መብት ነው።

ይህን ሁሉ መርምሮ፣ ዓሊም ጠይቆ ካርድ ለመያዝ የወሰነ ቤተሰብ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ይሻገራል፤ ይኸውም የራሱ የቤት አያያዝ ነው። እዚህ ላይ በቁጥር እንነጋገር። አንድ ቤተሰብ በካርዱ በወር 2,500 ዶላር ያወጣል እንበል፤ በዓመት 30,000 ዶላር መሆኑ ነው። ካርዱ ለአንድ ዶላር አንድ ማይል ቢሰጥ 30,000 ማይል ይገኛል። የአንድ ማይል ዋጋ በግምት አንድ ሳንቲም ቢሆን 300 ዶላር ይሆናል። ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር ቢሆን የሚተርፈው 205 ዶላር ነው። ይኸው ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ 2,000 ዶላር ያህል ሳይከፍል እያንከባለለ ቢቆይ፣ በ22 በመቶ ሒሳብ የሚከፍለው ወለድ 440 ዶላር ይሆናል። ሐራም ውስጥ መግባቱ እንዳለ ሆኖ በዱንያ ሒሳብም ከስሯል።

ስለዚህ ባልና ሚስት ተቀምጠው ያለፈውን የአንድ ዓመት ወጪያቸውን ይመልከቱ። ገቢው ከወር እስከ ወር ያልደረሰበት፣ ከዕቁብ ወይም ከወንድም ተበድረው የደፈኑበት ወር ካለ፣ የማይል ካርድ ለዚያ ቤት አይሆንም። የታክሲና የጭነት ሹፌሮች፣ በሰዓት ተከፍለው የሚሠሩ ሰዎች ገቢ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ይህን በተለይ ያጢኑ። ለቦነሱ ሲባል የማያስፈልግ ዕቃ መግዛትም አለ። በሦስት ወር ውስጥ 4,000 ዶላር መሙላት የግድ ሲሆን፣ የሦስተኛው ወር መጨረሻ ላይ አዲስ ቴሌቪዥን አስፈላጊ መስሎ ይታያል።

አያያዙን በተመለከተ ጥቂት ነጥቦች ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ በ2009 የወጣው የካርድ ሕግ ባንኩ ወርሃዊ መግለጫውን ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን አስቀድሞ እንዲልክ ያስገድዳል። በመግለጫው ላይ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ፤ ሙሉ ሒሳቡና ዝቅተኛው ክፍያ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ዝቅተኛውን ከፍሎ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ዝቅተኛው ክፍያ ከመዘግየት ቅጣት ብቻ ነው የሚያድነው፤ በቀሪው ላይ ወለድ ይቆጥራል። በዚያው መግለጫ ላይ ዝቅተኛውን ብቻ እየከፈሉ ቢቀጥሉ ዕዳው በስንት ዓመት እንደሚያልቅ የሚያሳይ ሣጥን በሕግ እንዲታተም ተደርጓል፤ አንብቡት። አንድ ወር ሙሉውን ያልከፈለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የእፎይታ ጊዜውን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚገዛው ዳቦ እንኳ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል። በካርዱ ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ ማውጣትም እንዲሁ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ እፎይታ የለውም፤ ስለዚህ ፈጽሞ አይሞከርም።

ባንኩ ሒሳቡን ከተቀማጭ ላይ ራሱ እንዲቆርጥ ማዘዝ መልካም ነው፤ ትእዛዙ ግን «ሙሉውን» የሚል መሆኑን ደግማችሁ አረጋግጡ፤ በተለይ ቅጹ ዝቅተኛውን አስቀድሞ ሊመርጥላችሁ ስለሚችል። ከዚህም የተሻለው የወሩን መጨረሻ ሳይጠብቁ በየሳምንቱ፣ ለምሳሌ ከጁምዓ መልስ፣ የወጣውን ያህል መክፈል ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የምትሄዱበት ሀገር ነው። ማይል ከአየር መንገዶች ኅብረት ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ስለሆነ፣ በዩናይትድ ወይም በኤር ካናዳ ማይል ወደ አዲስ አበባ የሚበረውን የኢትዮጵያ አውሮፕላን መቀመጫ መያዝ ይቻላል። ተርኪሽም የዚሁ ኅብረት አባል ነው፤ ወደ አዲስ አበባም ወደ ጅዳና መዲናም ይበራል። ሳውዲያ በ2012 ስካይቲምን ስለተቀላቀለ ለዑምራ የዴልታ ማይል ሊያገለግል ይችላል። ቀጠር ኤርዌይስ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ ከአሜሪካን ኤርላይንስ ጋር በዋንወርልድ ውስጥ ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ወደዚያ የሚያደርስ አጋር የሌለው አየር መንገድ ማይል መቶ ሺህ ቢሞላም ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ነፃ የተባለው መቀመጫ የተቆጠረ መሆኑንም አትርሱ። የልጆች ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት፣ ረመዳንና ዒድ ሁሉም የሚፈልጋቸው ጊዜያት ስለሆኑ ለአምስት ሰው በአንድ አውሮፕላን መቀመጫ ማግኘት ከባድ ነው። ወራት አስቀድሞ መፈለግ ያሻል። ማይል ተቀማጭ ገንዘብም አይደለም። አየር መንገዱ የአንድን መቀመጫ የማይል ዋጋ እንደፈለገ ከፍ ያደርጋል፤ ዴልታ በ2015፣ ዩናይትድ በ2019 ቋሚውን የማይል ዋጋ ሠንጠረዥ አንሥተዋል። ለዓመታት ከማጠራቀም በተገኘ ጊዜ መጠቀም ይሻላል። በማይል በተያዘ ትኬት ላይ የኤርፖርት ታክስ ይከፈላል፤ አንዳንዶቹ ፕሮግራሞችም ከፍ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያስከፍላሉ። ካርዱን አዲስ አበባ ወይም መካ ላይ ስትጠቀሙበት ደግሞ ብዙዎቹ ካርዶች እስከ 3 በመቶ የውጭ ሀገር ክፍያ ይቆርጣሉ፤ ይህን የማይቆርጥ ካርድ መምረጥ ይገባል።

በግልጽ ለመናገር፣ በሁለት ዓመት አንዴ ብቻ፣ ያውም ቀኑ ተቆርጦ ለሚጓዝ ቤተሰብ የማይል ካርድ ብዙም አይመከርም። ዓመታዊ ክፍያ የሌለበትና 2 በመቶ በጥሬ ገንዘብ የሚመልስ ካርድ በዚያው 30,000 ዶላር ወጪ 600 ዶላር ይመልሳል፤ በዚያም የፈለጉትን ትኬት በፈለጉት ቀን ይገዙበታል። ከላይ ስለ ውሉ ያልነው ሁሉ ግን በዚህኛውም ካርድ ላይ እንዳለ ይጸናል።

ሐጅን በተመለከተ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚነሡ ሑጃጆች ከ2023 ጀምሮ የሚመዘገቡት ኑሱክ ሐጅ በተባለው የሳውዲ መንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። የፓኬጁ ዋጋ ከአሥር ሺህ ዶላር ሊያልፍ ስለሚችል በካርድ ከፍሎ ቀስ ብሎ ለመጨረስ የሚፈተን ይኖራል። ሐጅ በቻለ ሰው ላይ ብቻ ነው ግዴታ የሆነው፤ በወለድ ዕዳ እንዲሄድ የጠየቀው የለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ ጸጉሩ ተንጨባሮ፣ አቧራ ለብሶ እጁን ወደ ሰማይ ስለሚዘረጋ፣ ነገር ግን ምግቡና ልብሱ ከሐራም ስለሆነ ሰው የተናገሩትን ሐዲስ ያስታውሷል። ገንዘቡ በሒሳቡ ላይ ተቀምጦ፣ በማግስቱ የሚከፍለው ሰው ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው።

በመጨረሻ ስለ ዘካና ሰደቃ። በረመዳን ዘካውን በማይል ካርድ ከፍሎ ማይሉንም የሚሰበስብ ሰው፣ ያ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆነው የካርድ ክፍያ ከተቀባዩ ድርጅት ወይም ከመስጂዱ ላይ እንደሚቆረጥ ያስብ። 2,000 ዶላር ዘካ ከሆነ ከ40 እስከ 60 ዶላር የሚሆነው ለሚስኪኑ ሳይደርስ ይቀራል፤ እርሱ ደግሞ 2,000 ማይል ያገኛል፤ ሃያ ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ዘካችሁን በቼክ ወይም ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ አስተላልፉ፤ መስጂዳችሁ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን በግድግዳው ላይ ካልለጠፈም እንዲለጥፍ ጠይቁ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።